የአሮጌ ባለ ዓምድ መሰርሰሪያ ማሽን አፈታትና እድሳት፦ ከመፍቻ በፊት ስለሚደረግ ልኬት

የአሮጌ ባለ ዓምድ መሰርሰሪያ ማሽን፣ በወርክሾፕ አጠራር የትራፓኖ፣ እድሳት ብዙውን ጊዜ በመፍቻና በሽቦ ብሩሽ ይጀመራል። ብሎኖች ይፈታሉ፤ ዝገት ይጠረጋል፤ ቀለም ይቀባል፤ ማሽኑም አዲስ መስሎ ይቆማል። ሆኖም ክብና ቀጥ ያለ ቀዳዳ መብሳት ካልቻለ የታደሰው መልኩ እንጂ ማሽኑ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ማሽኑ ሳይፈታ የሚደረገው ልኬት የእድሳቱን ወሰን ይወስናል፣ ያለ ልኬት የሚደረግ ፍታታ ግን ሊመለስ የማይችል ጉዳት ሊያስከትል ይችላል የሚል ነው። ለማሳያነት የተመረጡት በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንደ ፎብኮና ሜዲንግስ ያሉ የእንግሊዝ አምራቾች ይሠሯቸው የነበሩት በቺንጋ የሚነዱ ማሽኖች ናቸው።

የዚህ ዓይነቱ ማሽን አሠራር ግልጽ ነው። ከባድ የጊዛ መቆሚያ አለው፤ በላዩ የብረት ዓምድ ተተክሏል፤ ዓምዱ ከፍና ዝቅ የሚል ጠረጴዛና ሞተር የተሸከመ ራስ ይይዛል። በራሱ ውስጥ ስፒንድሉ በኩሽኔታዎች ላይ ይሽከረከራል። ኩሽኔታዎቹ የተቀመጡበት ተንሸራታች እጅጌ በእጀታው ኃይል ወደ ታች ይወርዳል፤ እጀታው ሲለቀቅ የተጠቀለለ ሞላ ወደ ላይ ይመልሰዋል። በብዙዎቹ ማሽኖች የስፒንድሉ ታችኛ ጫፍ የሞርስ ሾጣጣ ነው፤ በየ20 ሚሊሜትር ርዝመቱ 1 ሚሊሜትር ያህል ስለሚቀጥን የገባበትን ዕቃ ያለ ብሎን፣ በሰበቃ ብቻ አጥብቆ ይይዛል። የቀዳዳው ትክክለኛነት የሚወሰነው በዚህ ሾጣጣ፣ በኩሽኔታዎቹና በእጅጌው ነው። የቀረው የማሽኑ አካል እነዚህን ሦስቱን ለመሸከም የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ መፍቻ ሳይሆን ዳያል ጌጅ ነው። ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ከተለየ በኋላ የመለኪያው ጫፍ በሾጣጣው የውስጥ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ስፒንድሉ በእጅ በዝግታ ይዞራል። ቀጥሎ ቀጥተኛነቱ የታወቀ የመለኪያ ዘንግ በሾጣጣው ገብቶ፣ በመጨረሻም ዘንግ በቻኩ ተይዞ ልኬቱ ይደገማል። የሦስቱ ንባቦች ልዩነት ጥፋቱ የት እንዳለ ይናገራል። ሾጣጣው 0.01 ሚሊሜትር ብቻ ተዛንፎ በቻኩ የተያዘው ዘንግ 0.15 ቢያሳይ፣ ጥፋተኛው ቻኩ ወይም የቻኩ መያዣ ነው፤ ስፒንድሉን ለመፍታት ምክንያት የለም። በመለኪያ ዘንጉ ላይ መዛነፍ ከታየ ዘንጉ ወጥቶ 180 ዲግሪ ዞሮ ይመለሳል። ከፍተኛው ንባብ ከዘንጉ ጋር ከዞረ ጥፋቱ የዘንጉ ነው፤ ከስፒንድሉ ጋር ከቀረ የስፒንድሉ ነው።

በዙር ጊዜ የሚታይ መዛነፍና በግፊት የሚታይ ልቅነት ግን ሊምታቱ አይገባም። እጅጌው እስከ መጨረሻው ወርዶ ስፒንድሉ ወደ ጎን ሲገፋ መርፌው ከተንቀሳቀሰ፣ ምክንያቱ ያረጀ ኩሽኔታ ወይም በራሱና በእጅጌው መካከል የሰፋ ክፍተት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት መለኪያው አንድ ጊዜ በስፒንድሉ፣ አንድ ጊዜ በእጅጌው ላይ ይደገፋል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ኩሽኔታ ከገበያ ይገዛል፣ የሰፋ የራስ ቀዳዳ ግን በቶርኖ ባለሙያ እጅ እንኳ ብዙ ሥራ ይጠይቃል። ማሽኑ መታደስ የሚገባው መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው እዚህ ላይ፣ አንድም ብሎን ሳይፈታ ነው።

በፍታታው ወቅት ሁለት ቦታዎች የሰው አካል የሚጎዳባቸው ናቸው። አንደኛው የመመለሻው ሞላ ነው። ሽፋኑ በድንገት ከተፈታ የታመቀው ኃይል ሽፋኑን በጣት ላይ ያሽከረክረዋል፤ ስለዚህ ሽፋኑ በጠንካራ መያዣ ተይዞ፣ ዙሩ እየተቆጠረ በዝግታ ይለቀቃል። የተቆጠረው ዙር ይጻፋል፤ ሲገጠም ሞላው የሚወጠረው በዚያው ልክ ነው። ሁለተኛው የማሽኑ ራስ ነው። በዓምዱ ላይ የሚያጣብቀው ብሎን ሲላላ ከነሞተሩ ሊወርድ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ከሥሩ በግንድ ይደገፋል ወይም በማንሻ ይያዛል።

የፈቱትን ብሎን በሌላ መተካት የሚፈልጉ ሰዎች የሚሳሳቱት በጥርሱ ዓይነት ነው። ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ያቀረበው የጥርስ ሥርዓት በእንግሊዝ ማሽኖች ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ቆይቷል። የግማሽ ኢንች ዊትዎርዝ ብሎን በአንድ ኢንች 12 ጥርስ፣ በ55 ዲግሪ ማዕዘን አለው፤ የአሜሪካው ሻካራ ጥርስ 13፣ በ60 ዲግሪ ነው። በመጠን ቅርብ የሆነው ባለ 12 ሚሊሜትሩ ሜትሪክ ብሎን ደግሞ የጥርሱ ርቀት 1.75 ሚሊሜትር ሲሆን የዊትዎርዙ 2.12 ያህል ነው። ሦስቱም በአንዱ ቀዳዳ ጥቂት ዙር ሊገቡ ይችላሉ። «ገባ እኮ» የሚባለው ያኔ ነው፤ በመፍቻ ሲጠብቅ የሚላጠው ግን የብሎኑ ሳይሆን የጊዛው ጥርስ ሊሆን ይችላል። የጥርስ መለኪያ ርካሽ ነው፤ የተበላሸ የማሽን ራስ ግን ምትክ ላይገኝለት ይችላል።

ዝገትን በተመለከተ ሁሉም ገጽ አንድ ዓይነት አያያዝ አይገባውም። ለመቆሚያውና ለሽፋኖች በሶዲየም ካርቦኔት ውሁድ ውስጥ የሚደረግ የኤሌክትሮሊሲስ ጽዳት ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ ዝገቱን ያነሣል እንጂ ደህናውን ብረት አይበላም። ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚወጣ ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሆናል፤ ለአኖድነት ተራ ብረት እንጂ የማይዝግ ብረት አይመረጥም፤ ከማይዝግ ብረት መርዛማ የክሮሚየም ውሁድ ሊወጣ ይችላልና። ሞላና በሙቀት የጠነከሩ ክፍሎች ወደዚህ መታጠቢያ ባይገቡ ይመረጣል፤ ሃይድሮጅን ጠንካራ ብረትን ተሰባሪ ያደርጋል። አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ የለበትም። ዓምዱ ደግሞ የማጣቀሻ ገጽ ነው። በአንድ ቦታ ጠንክሮ ከተፈገፈገ ይቀጥናል፤ የራሱ መያዣም በዚያ ቦታ በእኩል አይጨብጠውም። ዘይትና ደቃቅ መጥረጊያ በቂ ነው፤ የሚቀረው ጥቁር ጥላ ሥራን አያሰናክልም። በጠረጴዛው ላይ የሚገኙት የፑንታ ጠባሳዎችም ቢተዉ ይሻላል። እነሱን ለማጥፋት ጠረጴዛውን መላጥ ውፍረቱን ይቀንሳል፣ በጊዛው ውስጥ የታመቀን ውጥረት ለቆም ሊያጣምመው ይችላል። ብዙ አዳሾች ይህን አይቀበሉም፤ ክርክራቸው ግን ከዓይን እንጂ ከልኬት የመጣ አይመስልም።

ልኬቱ ካስገደደ ብቻ ስፒንድሉ ከእጅጌው ይወጣል። አዲስ ኩሽኔታ በስፒንድሉ ላይ ሲገባ የሚገፋው የውስጥ ቀለበቱ ነው፤ በውጪው ቀለበት ከተገፋ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፣ በመንገዳቸውም ላይ ጉድጓድ ይተዋል። አዲሱ ኩሽኔታ ከአሮጌው ብሶ የሚንጫጫበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሾጣጣውም በብርጭቆ ወረቀት አይነካም። የቆመ ቡግር ካለበት በእጅ በሚዞር የሞርስ ማስተካከያ፣ በቀላል ግፊት፣ ቡግሩ ብቻ ይነሣል፤ ከዚያ በሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሾጣጣ ገብቶ የመነካካቱ ስፋት ይታያል።

ሞተሩ ሲፈተሽ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት የሽቦዎቹ ሽፋኖች ናቸው፤ አሮጌ የጎማ ሽፋን ሲታጠፍ ይፈረፈራል። በ500 ቮልት መለኪያ በጥቅሉና በቀፎው መካከል ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከተነበበ ሞተሩ አይከፈትም። ለ60 ሄርዝ የተሠራ ሞተር፣ እንደ ኢትዮጵያ 50 ሄርዝ በሆነ መስመር ሲገናኝ ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፤ ቮልቴጁ ካልተመጣጠነም ከልክ በላይ ይግላል። በሽፋኑ ላይ የተጻፈው የፑሊ ፍጥነት ሠንጠረዥም ያኔ እውነት መሆኑ ያበቃል። ባለ 10 ሚሊሜትር ፑንታ ለስላሳ ብረትን በደቂቃ በ25 ሜትር ፍጥነት እንዲቆርጥ 800 ያህል ዙር፣ ባለ 3 ሚሊሜትሩ ደግሞ 2,650 ያህል ዙር ያስፈልገዋል። ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሣ የሚከለክል ማብሪያና የቻክ መከለያ ቀድሞ ባይኖሩም ይጨመራሉ፤ ለጥንቱ መልክ ታማኝ መሆን እስከ ተጠቃሚው ጣት ድረስ አይዘልቅም።

ማሽኑ ከተገጠመ በኋላ በመካከለኛ ፍጥነት ያለ ሥራ ለአንድ ሰዓት ያህል ይዞራል፤ የእጅጌው ሙቀት በእጅ ይፈተሻል። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ልኬቶች በዚያው ቅደም ተከተል ይደገማሉ፤ ዳያል ጌጁ በስፒንድሉ ታስሮ በጠረጴዛው ላይ ክብ እየሠራ የጠረጴዛው ቀጥ መሆን ይታያል። የፊተኛውና የኋለኛው ንባብ፣ የሞላው ዙር ቁጥርና የተቀየሩት ኩሽኔታዎች ቁጥር በአንድ ወረቀት ተጽፈው በቺንጋው ሽፋን ውስጥ ይለጠፋሉ፤ ማሽኑን ቀጥሎ የሚፈታው ሰው ሽፋኑን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ነው።