በእግዚአብሔር ዘንድ ባለጠጋ መሆን
(ሉቃ. 12፥13-21)

ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ወደ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ቀርቦ ወንድሙ ውርሱን እንዲያካፍለው እንዲነግርለት ለመነው። ጥያቄው በራሱ ኃጢአት አልነበረም፤ ምናልባትም እውነቱ ከእርሱ ጋር ነበረ። በሙሴ ሕግ ስለ ልጆች የርስት ድርሻ የተጻፈ ሥርዓት አለና (ዘዳ. 21፥15-17) መምህርን ማማከሩም የሚያስነውር አይደለም። ጌታ ግን በመካከላቸው ዳኛ ሊሆን አልወደደም። ይልቁንም የተሰበሰቡትን ሁሉ ከስስት እንዲጠበቁ አስጠንቅቆ እርሻው እጅግ ስላፈራለት ባለጠጋ ምሳሌ ነገራቸው።

ብዙዎቻችን ይህን ምሳሌ ስናስተምር ከቍጥር 16 እንጀምራለን። እንዲህ ሲሆን ትምህርቱ ስለ አንድ ትልቅ ከበርቴ ብቻ የተነገረ ይመስላል፤ ኑሮው ዝቅተኛ የሆነው ምእመንም «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ይቀመጣል። ዳሩ ግን ምሳሌው የተነገረው ገና ምንም ላልያዘና ድርሻውን ለሚጠይቅ ሰው ምክንያት ሆኖ ነው። ስስት ባለው ዘንድ ብቻ ሳይሆን በሌለውም ዘንድ ያድራል።

ለመሆኑ የባለጠጋው በደል ምንድን ነው? ሰረቀ አልተባለም፤ የሠራተኛ ደመወዝ እንዳስቀረም አልተጻፈም። መሬቱ አፈራለት እንጂ። እህል ማከማቸትም ቢሆን ኃጢአት አይደለም፤ ዮሴፍ በግብፅ የሰባቱን የጥጋብ ዓመታት እህል አከማችቶ ተመስግኖበታል (ዘፍ. 41)። ነገር ግን ዮሴፍ ያከማቸው ለሚራብ ሕዝብ ነበር። ይህኛው የሚመክረው ከራሱ ጋር ብቻ ነው። በአማርኛችን «የእኔ» የሚለው አሳብ በቃል መጨረሻ ተቀጽሎ ስለሚመጣ ሳናስተውለው እናልፋለን እንጂ፣ ንግግሩን ቀስ ብለን ብናነበው ፍሬዬ፣ ጐተራዬ፣ በረከቴ፣ ነፍሴ እያለ ሁሉን የራሱ ሲያደርግ እንሰማዋለን። ሚስት፣ ልጅ፣ ጎረቤት፣ ሠራተኛ በንግግሩ የሉም፤ ፈጣሪም የለም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ነፍሱን እንኳ እንደ እህሉ የእርሱ ገንዘብ አድርጎ መቍጠሩ ነው። በዚያች ሌሊት ነፍሱ እንደምትወሰድ እግዚአብሔር ሲነግረው፣ በግሪኩ ወንጌል የገባው ግስ የሰጠ ሰው ገንዘቡን መልሶ ሲጠይቅ የሚነገር ነው። እንግዲህ ነፍሱ አደራ ነበረች።

ሀብት የሚለው ቃላችን ራሱ ይህን ያስታውሰናል። በግእዝ ወሀበ ማለት ሰጠ ማለት ሲሆን፣ ሀብት ከዚሁ የወጣ ነውና ስጦታ ማለት ነው። አበው ሀብተ መንፈስ ቅዱስ ሲሉ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ መናገራቸው ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ ለከብት፣ ለቤትና ለገንዘብ ዋለ፤ ስጦታው ቀርቶ ሰጪው የተረሳ ይመስለኛል። መንፈሳዊ ሀብት ስንል በጥምቀት የተቀበልነውን ልጅነት፣ ቅዱስ ቁርባንን፣ የኃጢአትን ስርየት፣ እምነትንና ፍቅርን ማለታችን ነው። እነዚህን ማንም በጉልበቱ አላፈራቸውም።

ቤተ ክርስቲያን ንብረት ማፍራትን አትኰንንም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት የግል ንብረትን መብት ደግፈዋል፤ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ደግሞ በ1965 የምድር በረከት ለሰው ልጆች ሁሉ እንደ ተሰጠ አስተምሯል። ሁለቱ አይጋጩም፤ ባለንብረቱ መጋቢ ነውና።

ያንን የውርስ ጠያቂ ሳስብ ሌላ ወራሽ ትዝ ይለኛል፤ በየዓመቱ ጥር 22 ቀን የሚታሰበው የግብፁ አባ እንጦንስ። ወላጆቹ ሲሞቱ 20 ዓመት ገደማ ነበረው፤ 300 አሩራ ለም መሬትም ወረሰ። አንድ ቀን ጌታ ለሀብታሙ ወጣት የሰጠው ምክር (ማቴ. 19፥21) በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰማ። መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ ሌላውን ሸጦ ለድሆች አከፋፈለ። ለእኅቱ ግን ጥቂት አስቀረላት። በሌላ ጊዜ ስለ ነገ አለመጨነቅን የሚናገረው ቃል ሲነበብ ሰምቶ ያንንም ሰጠና እኅቱን ለደናግል አደራ አለ። ይህን የጻፈልን ለአክሱም የመጀመሪያውን ጳጳስ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ሁላችንም እንደ እንጦንስ ወደ በረሃ አልተጠራንም። ወንጌል ሲነበብ ለእኔ ነው ብሎ መስማት ግን ለባለትዳሩም ለነጋዴውም የተሰጠ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ወንድማማቾች እናታቸው ባረፉ ከአርባኛው ቀን በኋላ ከሽማግሌዎች ጋር ጠርተውኝ ነበር። ክርክሩ ስለ ቤቱ ነው። አልጋው፣ ሣጥኑ፣ ወንበሩ ሁሉ ተመዘገበ። በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእናታቸውን መቍጠሪያ ግን ማንም አልጠየቀም፤ ሁለቱም ጸሎት የተማሩት በእርሱ ነበር። ቤት ለሁለት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ግማሽ ይደርሰዋል፤ የእናት እምነት ግን ስንት ልጆች ቢወርሱት ለሁሉም ሙሉ ነው። ይህን በዚያ ቀን መናገር ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር ስለ ካሬ ሜትሩ ስከራከር ዋልሁ። ቤቱ ተሸጦ ዋጋው ተከፈለ፤ ወንድማማቾቹ ግን ሁለት ዓመት ያህል በአንድ ቅዳሴ አልቆሙም።

ስለዚህ ካቴኪስቶች ይህን ወንጌል ስታስተምሩ ከቍጥር 13 ጀምሩ። ልጆች ባለጠጋው «የእኔ» ያለውን በጣታቸው ይቍጠሩ፤ ጐተራው ሲሞላ ለማን ማካፈል ይችል እንደ ነበርም እነርሱ ይንገሯችሁ። ለአዋቂዎች ደግሞ በውርስ፣ በወሰን ወይም በብድር ምክንያት የተኳረፉት ዘመድ እንዳለ በዝምታ የሚያስቡበት ጊዜ ስጧቸው። ያ ሰው በመጨረሻ ድርሻውን አገኘ ወይ ብለው ይጠይቋችሁ ይሆናል። ወንጌላዊው አልጻፈውም፤ እናንተም አትጨምሩበት።