ፍሬን ሲያዝ መኪና የሚንቀጠቀጠው ለምንድን ነው?

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደውን 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በመኪና የተመላለሰ ሰው ይህን ነገር ሳያየው አይቀርም። መኪናው በሜዳው ላይ ሲሮጥ ደኅና ይቆይና ቁልቁለት ደርሶ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ መሪው በእጁ ላይ ይርገፈገፋል፤ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከኋላ የተቀመጡት እናቶችም የማርያምን ስም መጥራት ይጀምራሉ። ሾፌሩን የጠየቁት እንደ ሆነ «መንገዱ ነው» ብሎ ያልፋል።

አጎቴም እንደዚሁ ይሉ ነበር። እሳቸው የሚተዳደሩት በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ነው። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ወደ ደብረ ሲና አብሬያቸው ስወርድ፥ ከጣርማ በር በታች መኪናይቱ እንደ ወፍጮ ቤት ትንቀጠቀጥ ጀመር። በእግራችን ሥር ያለው ደግሞ አስፋልት ነው። «ጋሼ፥ ይኸም መንገዱ ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው ዝም አሉ። ለካስ ከዚያ በፊት በአንድ ጋራዥ የፊቱን ዲስኮች ሁለት ጊዜ በቶርኖ አስልጠው ኖሯል። ሁለቱንም ጊዜ መንቀጥቀጡ ጠፍቶ ሦስት ወር ያህል ከቆየ በኋላ ተመልሶ መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ገንዘብ ለማውጣት ልባቸው አልፈቀደም፤ መኪናይቱን ቢያቆሟት ደግሞ የቤቱ እንጀራ ይቆማል። ሰው ጭኖ ያን ገደል በዚያ ሁኔታ መውረድም ሌላ ነገር ነው። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በዚያን ጊዜ ያየሁትንና በፊዚክስ ትምህርት ካገኘሁት ጋር ያመዛዘንኩትን ለጓደኞቼና መኪና ላላቸው ወላጆች ለማካፈል ነው።

በመጀመሪያ ፍሬን ምን እንደሚሠራ እንመልከት። በአብዛኞቹ መኪናዎች የፊት ጎማዎች ላይ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ዲስክ የሚባል ክብ ብረት አለ። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬኑ ዘይት ፒስቶኑን ይገፋል፤ ፒስቶኑም ሁለቱን ሸራዎች ገፍቶ ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ያስጨንቀዋል። በኋላ ጎማዎች ላይ በብዙዎቹ ዘንድ ያለው ታምቡር ነው፤ በታምቡር ውስጥ ሸራዎቹ ወደ ውጭ ተከፍተው ግድግዳውን ይይዛሉ። (በነገራችን ላይ ፍሬን፥ ታምቡር፥ ዳዶ፥ ኩሽኔታ እያልን የምንጠራቸው ቃሎች ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጋራዥ ቋንቋችንና የጣርማ በር ዋሻ ምንጫቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ዋሻውን የቆፈሩት ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ነውና።) የዲስክ ፍሬን በዓለም ላይ ስሙ የገነነው ጃጓር የተባለው መኪና በ1945 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር በዚሁ ፍሬን ካሸነፈ በኋላ ነው።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ እንምጣ። በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፈረንሳዊው ፓስካል እንዳስተማረው፥ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ የተጫነውን ግፊት በየአቅጣጫው ያስተላልፋል። ዘይቱ ከእግራችን ወደ ሸራው ኃይልን እንደሚወስድ ሁሉ ከሸራው ወደ እግራችንም ይመልሳል። የዲስኩ ውፍረት በአንድ በኩል ከሌላው ጥቂት የበለጠ እንደ ሆነ፥ ወፍራሙ ቦታ በሸራዎቹ መካከል ባለፈ ቁጥር ፒስቶኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ዘይቱም ሌላ መሄጃ ስለሌለው ፔዳሉን ወደ ላይ ያነሣዋል። እግራችን የሚሰማው ምት ይኸው ነው። በዚያው ቅጽበት የመያዝ ኃይሉም ከፍ ዝቅ ስለሚል መሪው ይርገፈገፋል። ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚበቃው የውፍረት ልዩነት የአንድ ሚሊ ሜትር ሁለት መቶኛ ያህል ብቻ ነው፤ ከሰው ጠጉር ውፍረት ያንሳል። በዓይን ተመልክቶ «ዲስኩ ደኅና ነው» የሚል ሰው እንግዲህ ምንም አላየም ማለት ነው።

ምቱን መቁጠርም ይጠቅማል። የአንድ ሚኒባስ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.2 ሜትር ያህል ይጓዛል እንበል። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ስለሚያልፍ ጎማው በሴኮንድ 10 ጊዜ ይዞራል፤ ፍጥነቱ ወደ 40 ሲወርድ ዙሩ 5 ይሆናል። ስለዚህ መኪናው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ምቱም አብሮ እየተራራቀ የሚሄድ ከሆነ ጥፋቱ ከጎማው ጋር በሚዞር ነገር ላይ ነው። የመንገድ ጉድጓድ እንዲህ ተስተካክሎ አይመታም። አጎቴን በመጨረሻ ያሳመናቸው ይኸው ነገር ነው፤ ጣታቸውን መሪው ላይ እያማቱ ቆጠሩና «እውነትም ይቆጥራል» አሉ።

መንቀጥቀጡ ፍሬን ሳይያዝም ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጎማ ሚዛን መዛባት፥ የቸርኬ መጣመም ወይም የኩሽኔታ መላላት ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር በክረምት የምናየው ሌላም ምክንያት አለ፤ መረሬው ጭቃ በቸርኬው ውስጠኛ ክፍል ተለጥፎ ይደርቅና የጎማውን ሚዛን ያዛባዋል። ይህን በውሃና በእንጨት ማስለቀቅ ስለሚቻል ገንዘብ ከማውጣት በፊት መመልከት ነው።

ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የት እንደሚሰማ ማስተዋል ያስፈልጋል። በመሪው ላይ ሲበረታ ብዙውን ጊዜ ከፊት ጎማዎች ነው። በወንበርና በወለሉ በኩል ሲሰማ፥ መሪው ግን ጸጥ ሲል፥ የኋላውን መጠርጠር ይገባል፤ ክብነቱ የተዛባ ታምቡርም እንደ ዲስኩ ፔዳሉን ይመታል። የኋላውን ለይቶ ለማወቅ ሰውና መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ እየሄዱ፥ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭኖ እንደ ያዙ በልክ በልኩ መሳብ ነው። መንቀጥቀጡ ያን ጊዜ ከመጣ ጥፋቱ ከኋላ ነው። ይህ ፈተና ግን ለሁሉም መኪና አይሆንም፤ እንደ አሮጌዎቹ ላንድሮቨሮች ባሉት የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ኃይል አስተላላፊውን ዘንግ ነውና። በቁልቁለት ላይ መሞከርም ፈጽሞ አይገባም።

አንድ ነገር እንዳይሳሳት ልጨምር። ኤ.ቢ.ኤስ. የሚባለው መሣሪያ ያላቸው አዳዲስ መኪናዎች በእርጥብ መንገድ ወይም በኮረት ላይ በድንገት ፍሬን ሲያዝባቸው ፔዳላቸው በኃይል ይርገፈገፋል። ይህ ጤና ነው እንጂ በሽታ አይደለም፤ ጎማው ተይዞ እንዳይንሸራተት መሣሪያው ራሱ ፍሬኑን እየለቀቀ እየያዘ ነው። በዚያን ጊዜ ደንግጦ እግርን ማንሣት ነው አደጋው።

አጎቴ መኪናይቱን ሁለት ቀን አቁመው ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ወሰዷት። እኚህ ሰው ገና ጎማውን ሳይፈቱ የጠየቁት ጥያቄ አስገረመኝ። «ካሳለጥከው በኋላ ወዲያው ነው የተመለሰው ወይስ ቆይቶ?» አሉ። ሦስት ወር ቆይቶ መሆኑን ሲሰሙ «እንግዲያው ጥፋቱ ከዲስኩ ጀርባ ነው» አሉ። እኔ ይህን አባባል የተረዳሁት ከብዙ ማሰብ በኋላ ነው።

ሰው ሁሉ «ዲስኩ በሙቀት ተጣመመ» ይላል፤ ነገር ግን የመንቀጥቀጡ ምክንያት በአብዛኛው መጣመም ሳይሆን ቀደም ብዬ የገለጽኩት የውፍረት ልዩነት ነው። ልዩነቱ የሚመጣውም እንዲህ ነው። ዲስኩ ሀብ በሚባለው ክብ ብረት ላይ ይቀመጣል። በመካከላቸው ትንሽ ዝገት ወይም የደረቀ ጭቃ ከገባ፥ ዲስኩ ምንም ቀጥ ያለ ቢሆን ዘንበል ብሎ ይታሰራል። ከሥሩ ጠጠር እንደ ገባበት ምጣድ ማለት ነው፤ ምጣዱ ደኅና ሳለ እንጀራው ባንድ ወገን ይወፍራል። ዘንበል ያለ ዲስክ በመጀመሪያው ወር አያንቀጠቅጥም፤ ውፍረቱ እኩል ስለ ሆነ ሸራዎቹ አብረውት ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ዳሩ ግን ፍሬን ባልተያዘበት ጊዜ እንኳ የዘነበለው ጠርዝ በየዙሩ ሸራውን ይነካል። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሲሄድ ያ የሚነካው ቦታ እየሳሳ ይሄድና የውፍረት ልዩነት ይፈጠራል። መንቀጥቀጡ ዘግይቶ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በቶርኖ ሲሳለጥ ውፍረቱ ይስተካከላል፤ ዝገቱ በቦታው ካለ ግን ታሪኩ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ስለዚህ ቶርኖውን የያዘው ሠራተኛ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ የጎደለው መልሶ ከማሰሩ በፊት ሀቡን ማጽዳት ነበር።

አዛውንቱ ይህን በዓይናችን አሳዩን። የቀሩትን ጎማዎች ድንጋይ አስደግፈው መኪናይቱን በክሪክ አነሡ፤ ጎማውን ፈትተው ዲስኩ እንዳይነቃነቅ ዳዶዎቹን መልሰው አሰሩ። ከማይዞረው ክፍል ላይ አንድ ጠንካራ ሽቦ አስረው ጫፉን ወደ ዲስኩ አስጠጉ። «ነይ እስቲ ልጄ፥ አንቺ አዙሪው» ብለው ዲስኩን በእጄ አዞርኩት። በሽቦውና በዲስኩ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋና ሲጠብ በግልጽ ይታያል። የቫልቭ ክፍተት በሚለካበት ስስ ብረት ሲለኩት ሰፊው 0.35፥ ጠባቡ 0.15 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ልዩነቱ 0.20 ነው። በብዙ መኪናዎች ከ0.1 እንዲበልጥ አይፈቀድም። ቀጥለው ዲስኩንና ሀቡን በጠመኔ ምልክት አደረጉባቸውና ዲስኩን ፈትተው በአንድ ቀዳዳ አሻግረው አሰሩት። የዘነበለው ቦታ ከዲስኩ ጋር ቢሄድ ጥፋቱ የዲስኩ፥ ከሀቡ ጋር ቢቀር የሀቡ ይሆናል። ከሀቡ ጋር ቀረ። ዲስኩ ሲነሣ ከሥሩ የተገኘው ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ የዝገት ቅርፊት ነበር። በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ሲጸዳ ልዩነቱ ወደ 0.05 ወረደ።

ዲስኩ ግን አስቀድሞ ስለ ሳሳ አንድ ጊዜ ደግሞ መሳለጥ ነበረበት። ከዚያ በፊት ውፍረቱ በስምንት ቦታ በማይክሮሜትር ተለካ፤ ዲስክ ሊደርስበት የሚገባው ትንሹ ውፍረት ጠርዙ ላይ ታትሞ ይገኛልና ከዚያ በታች የሚወርድ ከሆነ መጣል እንጂ ማሳለጥ አይገባም። የአጎቴ ለጥቂት ተረፈ። በመጨረሻም ጎማው ሲታሰር ዳዶዎቹ በተራ ዙሪያውን ሳይሆን ፊት ለፊት እየተፈራረቁ፥ ጥቂት በጥቂት ጠበቁ። የአህያ ጭነት የሚያስር ሰው አንዱን ወገን አጥብቆ ሌላውን አይተውም፤ ግራ ቀኙን እያየ ይስባል። ዳዶም ባንድ ወገን ቀድሞ ከጠበቀ ዲስኩን ያዘነብለዋል።

ሙቀት ምንም ጥፋት የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን ቁልቁለት እንውሰድ። ላይኛው ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ፥ ታችኛው 1300 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ልዩነቱ ቢያንስ 1700 ሜትር ነው። ከነጭነቱ 2000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ 2000 በ10 በ1700 ሲባዛ 34 ሚሊዮን ጁል ኃይል ይለቃል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 15 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውሃ እዚያ ለማድረስ 315 ሺህ ጁል ይበቃል። ስሌቱን የፈጸመ ሰው አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ያገኛል። ነፋሱ፥ ጎማውና ሞተሩ ከዚህ ይካፈላሉ፤ ሾፌሩ ማርሹን ነጻ አድርጎ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ከሆነ ግን አብዛኛው በእነዚያ ጥቂት ብረቶች ላይ ይወድቃል። የቆዩ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ለዚህ ነው።

እንዲህ የጋለ ፍሬን ይዞ ሰው ለማውረድ ሲቆሙ ፔዳሉን ረግጦ መቆየት ሌላ ጉዳት አለው። ሸራው ባረፈበት ቦታ ከራሱ ላይ ጥቂት በዲስኩ ላይ ለጥፎ ይቀራል፤ ያ ቦታ ከሌላው የተለየ ስለሚሆን መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አጎቴ አሁን እንደ ቆሙ ረዳቱ ድንጋይ ያስደግፋል፤ እሳቸውም እግራቸውን ያነሣሉ።

ከተሠራች በኋላ ስምንት ወር ሆኗታል፤ መሪው ጸጥ እንዳለ ነው። የኋላው ግራ ታምቡር ግን በማለዳ ብርድ አሁንም ይጮኻል። እሱን ከፈተና በኋላ ከፍተን ለማየት ተቀጣጥረናል።