ትሪፋላ ለሆድ ድርቀት ይበጃል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። የሆድ ድርቀትና መነፋት ያስቸግረኛል። ሕንዳዊት የሥራ ባልደረባዬ ትሪፋላ የሚባል የአዩርቬዳ (የሕንድ ባህላዊ ሕክምና) ዱቄት ማታ ማታ በሞቀ ውኃ እንድጠጣ መከረችኝ። የስኳር ሕመም ክኒን እወስዳለሁ። ይጎዳኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይጀምሩት። ትሪፋላ አምላ፣ ሃሪታኪና ቢብሂታኪ የተባሉ የሦስት ፍሬዎች ደረቅ ዱቄት ነው። ሆድ ስለሚያለሰልስ ድርቀትን ሊያቃልል ይችላል፤ ሲበዛ ግን ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል። አምላ የደም ስኳርን ሊቀንስ ስለሚችል፣ ከክኒንዎ ጋር ተደምሮ ስኳርዎን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ጨርሶ ይተዉት።

የምርቱ ንጽሕናም ያሳስባል። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በኢንተርኔት ከሚሸጡ 193 የአዩርቬዳ ምርቶች ከአምስቱ በአንዱ ገደማ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። ስለዚህ መለያ የሌለው፣ በላስቲክ የተቋጠረ ዱቄት አይግዙ፤ ለከባድ ብረቶች በገለልተኛ ላቦራቶሪ የተመረመረውን ይምረጡ።

አስቀድመው ግን ውኃ በደንብ ይጠጡ፤ ምስር፣ ሽምብራና አትክልት ያዘውትሩ፤ ከምግብ በኋላ በእግርዎ ይንሸራሸሩ። ለመነፋቱ፣ በአዩርቬዳም በእኛም ማድ ቤት የሚታወቀውን ነጭ አዝሙድ ወጥ ላይ ጣል ማድረግ ይችላሉ።

ሰገራዎ ደም ከቀላቀለ ወይም ጠቆር ካለ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ፣ ወይም ድርቀቱ አዲስ ሆኖ ለሳምንታት ከቆየ ግን መፍትሔው ዱቄት አይደለም፤ በአፋጣኝ ይመርመሩ።