ጨጓራን በማሳነስ ውፍረትን ስለ መቀነስና ከዚያ በኋላ ስላለው ጤንነት

እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የከተማ ሴቶች መካከል ከመቶ 21 ያህሉ ከልክ ያለፈ ክብደት እንዳላቸው ታውቋል። ስለዚህ ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ ውፍረትና የስኳር በሽታ የተባበሩበት ሰው፥ በሐኪም ምክር ጨጓራውን በኦፕራሲዮን ለማሳነስ ቢሄድ አያስደንቅም። ሥራው የሚፈጸመው አብዛኛውን ጨጓራ ቆርጦ በማውጣት፥ ወይም ትንሽ ከረጢት ብቻ አስቀርቶ ከቀጭኑ አንጀት ጋር በማገናኘት ነው። ሰውየው ከስቶ ሲመለስ ጎረቤት «ተፈወሰ» ይላል፤ እኛ ግን ሕክምናው ገና ተጀመረ እንላለን።

ለዚህም ምስክራችን እ.ኤ.አ. በ1987 በስዊድን የተጀመረው ጥናት ነው። በዚያ ኦፕራሲዮን የተደረጉ 2,010 ሰዎች፥ ካልተደረጉ 2,037 መሰሎቻቸው ጋር ለብዙ ዓመታት ተነጻጸሩ። የተደረጉት በአማካይ 3 ዓመት ያህል ዕድሜ እንደ ጨመሩ እ.ኤ.አ. በ2020 ተገለጠ፤ ይህም ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን የስኳር በሽታ ከነበረባቸው ውስጥ በ2ኛው ዓመት ከመቶ 72ቱ ከበሽታው ሲገላገሉ፥ በ10ኛው ዓመት እንዲሁ የተገኙት 36ቱ ብቻ ነበሩ። የኑሮ ደስታቸውም በመጀመሪያው ዓመት እጅግ ከፍ ብሎ፥ ክብደቱ በከፊል ሲመለስ ቀነሰ፤ ሆኖም ከቀድሞው የተሻለ ሆኖ ቆየ። ዛሬ የሚደረገው ኦፕራሲዮን በአብዛኛው ከዚያን ጊዜው የተለየ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው።

ሌላም የተሰወረ አደጋ አለ። ሰውነት ቪታሚን ቢ12ንና ብረትን እንደ ቀድሞው ከምግብ ለመውሰድ አይችልም። በጉበት የተከማቸው ቢ12 ለጥቂት ዓመታት ሊበቃ ስለሚችል፥ ሰውየው «ደኅና ነኝ» ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል፤ ኋላ ግን የደም ማነስና የእግር መደንዘዝ ይደርስበታል። የነርቭ ጉዳት ከዘገየም ላይድን ይችላል። ስለዚህ የሚከተለው ይጠበቅ።

1ኛ/ የታዘዘውን ቪታሚንና ማዕድን ዕድሜ ልክ መውሰድ፤ ደምንም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ማስመርመር።
2ኛ/ ቆጮ ኃይል ሰጪ እንጂ ሰውነት ገንቢነቱ አነስተኛ ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ የበሰለ ሥጋ፥ ዕንቁላል ወይም አይብ መብላት፤ ቆጮውን በጥቂቱ ማስከተል።
3ኛ/ በጦም ባቄላ፥ አተርና ምስር ማዘውተር፤ ቢ12 ግን በእህል ስለማይገኝ መድኃኒቱን አለማቋረጥ።
4ኛ/ አረቄ ፈጥኖ ስለሚያሰክር ከእርሱ መራቅ።
5ኛ/ ትውከት ከደጋገመ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ።
6ኛ/ ሴት ብትሆን ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝናን ማዘግየት።

በመስቀል ዘመድ ከየአገሩ ሲሰበሰብ፥ እንግዳን በጉርሻ ማስጨነቅ የፍቅር ምልክት ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ግን ጉርሻው ሥቃይ ነውና፥ ጥቂት መብላቱን እንደ ንቀት አንቁጠርበት። መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸውና ለወላጆች እንዲያስረዱልን አደራ እንላለን።