አንዳንዴ የማይነሳው መኪና፦ የኦም ሕግ በጋራዥ ውስጥ

ጨርሶ የማይነሳ መኪና ባለቤቱን ቢያስጨንቅም ለመርማሪው ግን ቀላል ነው፤ ብልሽቱ በቦታው ቆሞ ይጠብቀዋልና። አስቸጋሪው ሌላው ዓይነት ነው። ጠዋት ወዲያው የተነሳ መኪና ቀትር ላይ ነዳጅ ማደያ ውስጥ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ሰው ተሰብስቦ ለመግፋት ሲዘጋጅ ደግሞ ምንም እንዳልነበረበት ይነሳል። ጋራዥ ሲደርስ ፍጹም ጤነኛ ነው። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ እንደሚጠፋ ሕመም ያለ ይህን ዓይነት ችግር በዚህ ጽሑፍ «ተመላላሽ ብልሽት» ብለን እንጠራዋለን።

ተመላላሽ ብልሽት የሚያስከትለው ኪሳራ ቀላል አይደለም። በቅድሚያ ባትሪ ይለወጣል፤ ችግሩ ሲመለስ ሞተሪኖ ይለወጣል፤ ከዚያም ዲናሞው ይጠረጠራል። መኪናው መተዳደሪያው የሆነ አሽከርካሪ በዚህ መካከል ገንዘቡንም የሥራ ቀኑንም ያጣል፤ ቁልቁለት ፈልጎ ማቆምንም ልማድ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ችግሩን ለመረዳት የሚያስፈልገው ዕውቀት በአብዛኛው በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ ያለ ነው። ይኸውም ተመላላሽ ብልሽት የሚያዘው በግምት ሳይሆን በልኬት መሆኑ፣ ልኬቱም የሚጠቅመው ብልሽቱ በሚታይበትና ጅረት እንዲፈስ በሚፈለግበት ቅጽበት ሲወሰድ መሆኑ ነው።

1. በቅድሚያ መለየት ያለባቸው ሁለት ችግሮች

«መኪናው አልነሳም» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ክስተቶችን ይሸፍናል። አንደኛው ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ሞተሩን ሳያዞረው የሚቀርበት ሁኔታ ነው። ሁለተኛው ሞተሪኖው በሚገባ እያዞረው ሞተሩ በራሱ መሥራት የማይጀምርበት ነው። የመጀመሪያው የባትሪ፣ የገመድና የሞተሪኖ ጉዳይ ሲሆን ሁለተኛው የነዳጅና የእሳት ጉዳይ ነው። ጆሮ ብቻውን ሁለቱን ሊለያቸው ይችላል። ይህ ልዩነት ሳይረጋገጥ ዕቃ መለወጥ ግን የትኛው እግር እንደታመመ ሳይጠይቁ አንዱን እንደ ማሰር ይቆጠራል። ተመላላሽነቱ ይበልጥ ግራ የሚያጋባው በመጀመሪያው ችግር ላይ በመሆኑ በእርሱ ላይ እናተኩራለን።

2. ትንሹ መስመርና ትልቁ መስመር

መኪና በእጅ መዘውር ይነሳ በነበረበት ዘመን መዘውሩ ወደ ኋላ እየተወረወረ የብዙዎችን ክንድ ይሰብር ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912 (እ.ኤ.አ.) የካዲላክ መኪና ላይ ተገጥሞ ለገበያ ሲቀርብ ይህ አደጋ መቀነስ ጀመረ። የሐሳቡ ቁልፍ፣ ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ከአቅሙ በላይ የሆነ ጅረት ቢሸከምም ሳይቃጠል ሥራውን ሊጨርስ ይችላል የሚል ነበር። ዛሬም ቁልፉን ከ10 ሴኮንድ በላይ ይዞ ማቆየት የማይመከረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ማስነሻው ሁለት መስመሮች አሉት። ትንሹ መስመር ከባትሪው ተነስቶ በፊውዝና በቁልፉ ማብሪያ፣ እንዲሁም በብዙ መኪኖች በማርሹ ወይም በፍሪሲዮኑ ላይ ባለ የጥንቃቄ ማብሪያ አልፎ በሞተሪኖው ላይ ወዳለው ኤሌክትሮማግኔት፣ ማለትም ወደ ሶሌኖይዱ ይደርሳል። ሶሌኖይዱ ሲሳብ ሁለት ወፍራም የመዳብ መነካኪያዎችን ያገናኛል፤ «ጠቅ» የሚለው ድምፅ የእርሱ ነው። በዚያን ጊዜ ትልቁ መስመር ይዘጋል፤ ከመቶ አምፔር በላይ የሆነ ጅረት ከባትሪው በወፍራሙ ገመድ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል፣ በሞተሩ አካልና በጋራዥ ቋንቋ «ማሳ» በሚባለው ገመድ በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። የመመለሻው መንገድ ከመሄጃው እኩል አስፈላጊ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

3. መብራቱ ደምቆ ሞተሪኖው ለምን ይሰንፋል?

«መብራቱ በደንብ ይበራል፤ ስለዚህ ባትሪውም ገመዱም ደኅና ነው» የሚለው ድምዳሜ የተለመደ ስሕተት ነው። ስሕተቱን በቁጥር እንመልከት።

በሙሉ የተሞላ የመኪና ባትሪ እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ገደማ ያላቸው 6 ክፍሎች ስላሉት በጠቅላላው 12.6 ቮልት ያህል አለው። ለስሌታችን የባትሪውን ውስጣዊ ሬዚስታንስ 0.006 ኦም፣ የገመዶቹን 0.002 ኦም፣ ገና መዞር ያልጀመረውን ሞተሪኖ ደግሞ 0.040 ኦም እናድርገው። ድምሩ 0.048 ኦም ነው። በኦም ሕግ መሠረት ጅረቱ 12.6 ÷ 0.048 = 262 አምፔር ገደማ ይሆናል። (ሞተሪኖው መዞር ሲጀምር ራሱ ተቃራኒ ቮልቴጅ ስለሚያመነጭ ጅረቱ ይቀንሳል፤ ወሳኙ ግን ይህ የመጀመሪያ ቅጽበት ነው።)

አሁን በአንድ ማያያዣ ላይ 0.05 ኦም የሚሆን ቆሻሻ ወይም ዝገት ተፈጠረ እንበል። ድምሩ 0.098 ኦም ይሆናል፤ ጅረቱም ወደ 129 አምፔር ገደማ ይወርዳል። መግነጢሳዊ መስኩ በራሱ ጅረት በሚፈጠር ሞተሪኖ ላይ የማዞር ኃይሉ በግምት የጅረቱን ካሬ ስለሚከተል፣ ጅረቱ በግማሽ ሲቀንስ የማዞር ኃይሉ ወደ ሩብ ያሽቆለቁላል። ሞተሩ አይዞርም። በዚያች ነጥብ ላይ ብቻ 6.4 ቮልት ይባክናል፤ ይህም ከ800 ዋት በላይ ሙቀት ነው። ማያያዣው ሲነካ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው።

በአንጻሩ የ55 ዋት የፊት መብራት የሚስበው ከ5 አምፔር ያነሰ ጅረት ነው። በዚያው 0.05 ኦም ላይ ቢያልፍ የሚያጣው ሩብ ቮልት እንኳ አይሞላም፤ ዓይን አይለየውም። እንግዲህ መብራቱ የመሰከረው ለ5 አምፔር ብቻ ነው፤ ስለ 200 አምፔር የሚናገረው ነገር የለም።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በጤነኛው ሁኔታ የባትሪው ቮልቴጅ በዚያ ቅጽበት ወደ 11 ቮልት ሲወርድ፣ በተበላሸው ሁኔታ ግን 11.8 ቮልት ላይ ይቆያል። ሞተሪኖው እምቢ ሲል የባትሪው ቮልቴጅ ከፍ ብሎ ከቆየ፣ ባትሪው ጅረቱን የሚቀበለው አጥቷል እንጂ አልደከመም ማለት ነው። ባትሪ መለወጥም መፍትሔ አይሆንም።

4. ብልሽቱ ለምን ይመላለሳል?

ሁለት ብረቶች ሲነካኩ ለዓይን ሙሉ በሙሉ የተጣበቁ ይመስላሉ። ስዊድናዊው የፊዚክስ ሊቅ ራግናር ሆልም በጥልቀት እንዳጠናው ግን እውነተኛው ንክኪ የሚፈጠረው በጥቂት ጥቃቅን ጉብታዎች ላይ ብቻ ነው። ጅረቱ በሙሉ በእነዚያ ጠባብ በሮች ይሽሎከሎካል። ስስ የኦክሳይድ ሽፋን፣ የመንገድ ንዝረት ወይም በሙቀት ምክንያት የሚፈጠር መለጠጥ ከበሮቹ ጥቂቶቹን ሲዘጋ ሬዚስታንሱ በቅጽበት ብዙ እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ማያያዣው በእጅ ሲነቀነቅ ደግሞ አዳዲስ ጉብታዎች ይነካካሉ፤ መኪናውም ይነሳል። «ነካ ነካ ሳደርገው ተነሳ» የሚለው ወሬ እንግዲህ ተአምር አይደለም፤ ፍንጭ ነው።

በአገራችን መንገዶች ላይ በብዛት በሚታዩት የቶዮታ መኪኖች ላይ የሚገጠሙት ዴንሶ ሠራሽ ሞተሪኖዎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በሶሌኖይዱ ውስጥ ያሉት የመዳብ መነካኪያዎች በየማስነሳቱ በሚፈጠር ብልጭታ እየተበሉ ያልቃሉ፤ ብዙ ጊዜም አንዱ ከሌላው ቀድሞ ይሳሳል። ተንቀሳቃሹ የመዳብ ሳህን አንዳንዴ ሁለቱንም ይነካል፣ አንዳንዴ አንዱን ብቻ። ስለዚህ መኪናው አምስት ጊዜ «ጠቅ» ብሎ በስድስተኛው ሊነሳ ይችላል። መድኃኒቱም ብዙ ጊዜ ሙሉ ሞተሪኖ ሳይሆን ሁለት ትናንሽ መዳቦችን መለወጥ ነው።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። የመዳብ ሬዚስታንስ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.39 በመቶ ያህል ይጨምራል። የሶሌኖይዱ ጥቅል ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ በ31 በመቶ ይጨምራል፤ ጅረቱ ወደ 76 በመቶ፣ የመሳብ ኃይሉ ደግሞ በግምት ወደ 58 በመቶ ይወርዳል። በትንሹ መስመር ላይ ተጨማሪ ብክነት ካለ ሶሌኖይዱ ጭራሽ አይሳብም። ጠዋት በቀዝቃዛው የሚነሳ፣ ረጅም መንገድ ሄዶ ሲቆም ግን እምቢ የሚል፣ ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ዳግም የሚነሳ መኪና ታሪኩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

5. የምርመራው ቅደም ተከተል

ከመጀመር በፊት ጥንቃቄ ይቅደም። ማርሹ ገለልተኛ ወይም የማቆሚያ ቦታ ላይ ይሁን፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ቀለበትና የብረት ሰዓት ይውለቅ። ከባትሪ የሚወጣ ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ከ4 በመቶ ሲበልጥ በብልጭታ ሊፈነዳ ስለሚችል ሲጋራና እሳት ይራቁ። ከዚያ በኋላ በአንድ መልቲሜትርና ቁልፉን በሚያዞር አንድ ረዳት የሚከተለው ይከናወናል።

ሀ) የባትሪው ዕረፍት። መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ከቆመ በኋላ ባትሪው ላይ ይለካል። 12.6 ቮልት ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ ያህል፣ 12.0 እጅግ ዝቅተኛ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ ካልታየ የመሙያው መስመር ይመርመር።

ለ) ባትሪው በሥራ ላይ። ረዳቱ ቁልፉን ሲያዞር ልኬቱ በማያያዣዎቹ ላይ ሳይሆን በባትሪው የእርሳስ ራሶች ላይ ይወሰድ። ሞተሪኖው እየታገለ ቮልቴጁ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ተሞልቶ ዳግም ይፈተን። ከ12 በላይ ቆሞ ከቀረ ጅረቱ የሆነ ቦታ ታግዷል ማለት ነው።

ሐ) የመሄጃው መስመር። አንዱ የሜትሩ ጫፍ በባትሪው አዎንታዊ ራስ፣ ሌላው በሞተሪኖው ትልቅ ብሎን ላይ ሆኖ ቁልፉ ይዞር። እስከ 0.5 ቮልት ይፈቀዳል። ከዚያ በላይ ከሆነ ገመዱ ወይም ማያያዣው ተጠያቂ ነው።

መ) የመመለሻው መስመር። ከባትሪው አሉታዊ ራስ እስከ ሞተሪኖው አካል በተመሳሳይ መንገድ ይለካ። ከ0.3 ቮልት ከበለጠ ማሳው ይፈታ፣ ይጽዳ፣ ይጥበቅ።

ሠ) የሶሌኖይዱ መነካኪያ። ሜትሩ በሁለቱ ትላልቅ ብሎኖች መካከል ይደረግ። ቁልፉ ሳይዞር 12 ቮልት ያህል ይነበባል፤ ሲዞር ወደ ዜሮ መቅረብ አለበት። «ጠቅ» ብሎም 12 ቮልት ከቀረ መዳቦቹ አልተነካኩም።

ረ) ትንሹ መስመር። ጠቅታ እንኳ ካልተሰማ በሶሌኖይዱ ትንሽ ጫፍ ላይ ያለው ቮልቴጅ ይለካ። ባትሪው ደኅና ሆኖ ከ10 ቮልት በታች ከተነበበ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ የቁልፉ ማብሪያና የማርሹ ማብሪያ በየተራ ይፈተሹ። ቮልቴጁም መነካኪያውም ደኅና ሆኖ ሞተሪኖው ካልዞረ ጥርጣሬው ወደ ካርቦኖቹ ይሄዳል።

በእነዚህ ልኬቶች ሁሉ አንድ መርሕ ይሠራል፦ ቮልቴጁ የባከነበት ቦታ የብልሽቱ አድራሻ ነው። ብልሽቱ ከተሰወረ ግን ልኬቱ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ቀጭን ገመድ ከሶሌኖይዱ ትንሽ ጫፍ በፊውዝ በኩል ወደ አሽከርካሪው ክፍል ስቦ ሜትሩን ማስቀመጥና ብልሽቱ እስኪመጣ መጠበቅ ብልህነት ነው። በመጣ ጊዜ አንዲት ንባብ ጥርጣሬውን በሁለት ትከፍለዋለች፦ ቮልቴጁ ከደረሰ ችግሩ በሞተሪኖውና በትልቁ መስመር፣ ካልደረሰ በትንሹ መስመር ነው።

6. ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ካልነሳ

በዚህ ጊዜም መመሪያው ያው ነው፤ በብልሽቱ ቅጽበት እሳትና ነዳጅ መኖራቸው ይረጋገጥ። ቁልፉ ሲከፈት የነዳጅ ፓምፑ አጭር ድምፅ ካልተሰማ ፊውዙና ሪሌው ይታዩ፤ በሪሌ ውስጥ የተሰነጠቀ የብየዳ ነጥብ በፀሐይ ሙቀት ሲለጠጥ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። እሳት ከጠፋ የሞተሩን አዟዟር ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው ሴንሰር ሲሞቅ ሥራ ሊያቆም እንደሚችል ይታወስ። በቁልፋቸው ውስጥ ቺፕ ያላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ የሚብለጨለጭ የጥበቃ መብራት መኖሩን ማየት ይገባል።

7. ጥገናው መሳካቱን በምን እናውቃለን?

አንድ መኪና በአማካይ ከ10 ሙከራ አንዱን እምቢ ይላል እንበል። አንድ ዕቃ ከተለወጠ በኋላ 10 ጊዜ በተከታታይ ተነሳ። ተጠግኗልን? ምንም ሳይጠገን፣ ሙከራዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ጥገኛ ካልሆኑ፣ 10 ጊዜ ያለ ችግር የመነሳቱ ዕድል 0.9 በራሱ 10 ጊዜ ተባዝቶ 0.35 ነው። ማለትም ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ያልተጠገነ መኪና የተጠገነ ይመስላል! ይህን ዕድል ከ5 በመቶ በታች ለማድረግ 29 ተከታታይ ስኬቶች ያስፈልጋሉ፤ እነርሱም ብልሽቱ በሚወደው ሁኔታ፣ ለምሳሌ ሞተሩ በሞቀበት ጊዜ፣ የተገኙ መሆን አለባቸው። ያለ አግባብ የተለወጡ ብዙ ዕቃዎች «ያድኑ» የነበሩት በዚህ የአጋጣሚ ዕድል ነው። ከጥገናው በፊት 6.4 ቮልት ይባክንበት የነበረ ቦታ ከጥገናው በኋላ 0.1 ቮልት ብቻ ካባከነ ግን አንዲት ንባብ ከብዙ ሙከራ የላቀ ማስረጃ ትሆናለች።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በክፍል 3 ስሌት የተጨመረው ሬዚስታንስ 0.05 ሳይሆን 0.02 ኦም ቢሆን ጅረቱ ስንት ይሆናል? የማዞር ኃይሉስ ከጤነኛው ስንት በመቶ ይቀራል?

2. ከ5 ሙከራ አንዱን እምቢ የሚል መኪና መጠገኑን በተመሳሳይ የ5 በመቶ መለኪያ ለማረጋገጥ ስንት ተከታታይ ስኬት ያስፈልጋል?

3. ሞተሪኖው ጨርሶ በማይስብበት ጊዜ ገመዱ ላይ የሚነበበው ብክነት ዜሮ ነው። ይህ ንባብ ስለ ገመዱ ጤንነት ምንም የማይነግረን ለምንድን ነው?