ስጋት ምን እንደሆነና ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ

ሰሊጥ ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝ፣ ባለቤቱንም እጅግ የሚያሳስብ ሰብል ነው። በሱዳን በገዳሪፍ ግዛት በቁረይሻና በገላባት፣ ከወሰኑም ወዲህ በመተማ ቆላ ገበሬው የሚዘራው የክረምቱን ዝናብ አምኖ ነው። ዝናቡ ቢዘገይ ቡቃያው ይደርቃል፤ አለመጠን ቢበዛ ጥቁሩ መሬት ውሃ ስለሚይዝ ሥሩ ይበሰብሳል፤ አጨዳው ቢዘገይ ደግሞ የፍሬው ሽፋን ተሰንጥቆ ሰሊጡ ይረግፋል።

በዚህ ነገር ውስጥ ሦስት ቃላትን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንበጣ አደጋ ነው፤ አንበጣው የበላው ማሳ ጉዳት ነው፤ አንበጣው ይመጣ ይሆን፣ ቢመጣስ ምን ያህል ያጠፋ ይሆን ተብሎ አስቀድሞ የሚገመተው ግን ስጋት ይባላል። አደጋን ሁሉ መከልከል አይቻልም፤ ስጋትን ግን መቀነስ፣ መካፈል ወይም ለሌላ ማስተላለፍ ይቻላል።

፩ኛ/ በዕለት ኑሮ። ማሽላና ሰሊጥ ለይቶ የሚዘራ፣ አጫጆችን በጊዜው የሚያዘጋጅ ገበሬ ስጋቱን ቀንሷል። መሬቱን ለእኩል የሰጠ ሰው ደግሞ ስጋቱን ተካፍሏል፤ ምርቱ ሲያንስ የሁለቱም ድርሻ ያንሳልና። በሱዳን በኩል ‹ሸይል› የሚባለው የቆየ ልማድ ግን ከዚህ ይለያል። ገበሬው በክረምት ለዘርና ለአረም ገንዘብ ሲቸግረው ነጋዴው ያበድረዋል፤ ገበሬውም ገና ያልታጨደውን እህል በዝቅተኛ ዋጋ ሊያስረክብ ይስማማል። የዋጋው መውደቅ ስጋት ወደ ነጋዴው ተሻገረ፤ የዝናቡ መቅረት ስጋት ግን ከገበሬው ጫንቃ አልወረደም። ምርቱ ቢጠፋ ዕዳው ለከርሞ ይሻገራል።

፪ኛ/ በሕግ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ‹ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል› የሚለው፣ ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደውን ነገር ነው። የመሬት መንቀጥቀጥን፣ መብረቅን፣ ጎርፍንና ጦርነትን በምሳሌነት ይጠቅሳል። የጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣትና መውረድ ግን፣ በውሉ ተለይቶ ካልተጻፈ፣ ከዚህ አይቆጠርም። በየጥቂት ዓመቱ ዝናብ በሚያጥርበት አገር የሚኖር ሰውም ‹ድርቅ ይመጣል ብዬ አላሰብሁም› ብሎ ዳኛን ማሳመን ይከብደዋል። ስለዚህ በውሉ ያልተጻፈ ስጋት አብዛኛውን ጊዜ በባለዕዳው ላይ እንደሚቀር ማወቅ ይገባል።

፫ኛ/ በመድን። መድን ማለት ብዙዎች ጥቂት ጥቂት አዋጥተው ጉዳት የደረሰበትን መካስ ነው፤ ሐሳቡ ለእድርተኛ እንግዳ አይደለም። ቁማር ስጋት በሌለበት ስጋትን ይፈጥራል፤ መድን ግን ያለውን ስጋት ያከፋፍላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ካሳው ከንብረቱ ዋጋ እንዳይበልጥ፣ ሆን ብሎ ጉዳት ላደረሰም እንዳይከፈል ደንግጓል። በእስልምና ሕግ ‹ገረር› የተባለው ግልጽነት የሌለው ውል የተከለከለ ስለሆነ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 በሱዳን በመረዳዳት መዋጮ ላይ የቆመ የመድን ኩባንያ ተቋቁሟል።

እሳት አንድ ቤት ሲያቃጥል ሌላውን ይተዋል፤ ድርቅ ግን አገሩን በአንድነት ስለሚመታ የአንድ ወረዳ መዋጮ አይበቃውም፤ ስጋቱ እስከ ሩቅ አገር መበተን አለበት። በ2001 ዓ.ም. በትግራይ በአዲ ሀ 200 አባወራዎች ለጤፋቸው እንዲህ ያለ የዝናብ መድን ገዙ። ድኾቹ መዋጮውን በጉልበት ሥራ ከፈሉ፤ ካሳውም የሚወሰነው ማሳ ለማሳ ዞሮ በማየት ሳይሆን በዝናብ ልኬት ነበር። ይህ ወጪ ይቀንሳል፤ ሆኖም ልኬቱ ዝናብ በቂ ነው እያለ የአንዱ ገበሬ ማሳ ደርቆ ሊገኝ ይችላል። ይህም ራሱ ስጋት ስለሆነ መድን ሻጩ ሳይሸሽግ ሊያስረዳ ይገባዋል።

እንግዲህ ገበሬ ሆይ፣ በውል ላይ ከመፈረምህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፤ ዝናቡ ቢቀር ጉዳቱ የማን ነው? ዋጋው ቢወድቅስ? መንገድ ቢዘጋስ? መልሱን በምስክር ፊት አጽፍ። ሹማምንትም ውሉ ለማያነብ ሰው በቋንቋው እንዲነበብለት ያድርጉ። ከመዝራት በፊት ያልተጠየቀ ጥያቄ ከአጨዳ በኋላ ክርክር ይሆናል።