የራያ ቆላ በኮምፒውተር መስኮት፦ የሥዕላዊ ልብ ወለድ ጨዋታ አሠራርና የትዕይንት ቅንብር

የኮምፒውተር ጨዋታ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው ሩጫን፣ ተኩስን ወይም የእግር ኳስ ግጥሚያን ነው። ከእነዚህ ለየት ያለ፣ በሥዕልና በጽሑፍ ታሪክ የሚተርክ የጨዋታ ዓይነትም አለ። ይህም «ቪዥዋል ኖቭል» የሚባለው ሲሆን፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ ሥዕላዊ ልብ ወለድ እንለዋለን። ተጫዋቹ የቦታውን ሥዕልና ባለታሪኮቹን እየተመለከተ፣ በግርጌ የሚወጣውን ንግግር እያነበበ ይጓዛል። ከወሳኝ ምዕራፍ ሲደርስ ምርጫ ይቀርብለታል፤ የታሪኩ ፍጻሜም እንደ ምርጫው ይለያያል።

ዘውጉ በስፋት ያደገው በጃፓን ነው። ቶም ሮታሜል የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2004 ሬንፓይ የተሰኘውን፣ በነጻ የሚገኝና በፓይተን ቋንቋ ላይ የተመሠረተ መሣሪያ ካወጣ ወዲህ ግን ማንኛውም ትጉ ተማሪ ሊሞክረው የሚችል ሥራ ሆኗል። የኢትዮጵያ ፊደልም እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ ስለተካተተ፣ እንደ አቢሲኒካ ያለ ነጻ የፊደል ቅርጽ ከጨዋታው ጋር በማያያዝ ንግግሩን በአማርኛ ማስነበብ ይቻላል።

ለትምህርታችን የምንመርጠው ቦታ ቆቦና አካባቢው ነው። ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን፣ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በስተምዕራብ የላስታ ደጋ፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በመካከል ሰፊው ሜዳ ተዘርግቷል። በክረምት ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው በአፈርና በቅርንጫፍ እየጠለፈ ወደ ማሽላ ማሳው ይመራዋል። ጎርፉ በልክ ሲመጣ ሲሳይ ነው፤ ከልክ ሲያልፍ ማሳ ይጠርጋል፤ ሲቀር ደግሞ ማሽላው ይጠወልጋል።

እንግዲህ የጨዋታችን ጥያቄ ይህ ይሁን፦ አመሻሽ ላይ ጎርፍ ሲደርስ፣ ከወንዙ ላይኛው ክፍል ያለው ገበሬ ውኃውን ሁሉ ወደ ማሳው ይጥለፍ ወይስ ከፊሉን ለታችኞቹ ይልቀቅ? ተጫዋቹ ይፈርዳል። ነገር ግን የታችኞቹ ማሳ መድረቁ በሥዕሉ ላይ ካልታየው ፍርዱ ዕጣ ከመጣል አይለይም። ስለዚህ የትዕይንት ቅንብር ለጌጥ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ተጫዋቹ ለመፍረድ የሚያስፈልገውን መረጃ በዓይኑ የሚያገኝበት መንገድ ነው።

የአድማስ መስመር

በጀማሪዎች ሥራ ዘወትር የሚታየው ጉድለት፣ ባለታሪኩ በመሬቱ ላይ የቆመ ሳይሆን የተለጠፈ መምሰሉ ነው። መፍትሔው በቀላል ጂኦሜትሪ ይገኛል። በሜዳማ ቦታ የተመልካቹ ዓይን ከመሬት 1.6 ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ፣ የአድማሱ መስመር በየትኛውም ርቀት የቆመውን ሰው ሁሉ በ1.6 ሜትር ከፍታው ላይ ያቋርጠዋል። ስለሆነም በሥዕሉ ላይ የአንድ ሰው ቁመት፣ ከእግሩ እስከ አድማሱ ያለው ርቀት በእውነተኛ ቁመቱ ተባዝቶ ለ1.6 ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ስፋቱ 1280፣ ቁመቱ 720 ፒክሰል የሆነ ሥዕል እንውሰድ። አድማሱን ከላይ በአንድ ሦስተኛው ላይ፣ ማለትም በ240ኛው ፒክሰል ብናደርገው ለሜዳው በቂ ቦታ ይተርፋል። የላይኛው ገበሬ እግር በ540ኛው ፒክሰል ላይ ቢያርፍና ቁመቱ 1.7 ሜትር ቢሆን፣ በሥዕሉ ላይ 319 ፒክሰል ያህል ይሆናል። 1.2 ሜትር ቁመት ያላት ልጁ ከጎኑ ብትቆም 225 ፒክሰል ትሆናለች፤ ራሷም ከአድማሱ በታች ይቀራል። እግሩ በ320ኛው ፒክሰል ላይ ያረፈው የታችኛው ገበሬ ግን 85 ፒክሰል ብቻ ይሆናል። ሦስቱም በአንድ ሜዳ ላይ የቆሙ ሆነው ይታያሉ።

ብርሃንና ጥላ

ሁለተኛው ጉድለት በቦታው ሥዕል ላይ ፀሐይ ከቀኝ፣ በባለታሪኩ ፊት ላይ ደግሞ ከግራ መምጣቷ ነው። ቆቦ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በቡሄ ሰሞን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በአናት ትቆማለች፤ የቆመ ሰው ጥላም ከእግሩ ሥር ይጠፋል። በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ የ1.7 ሜትር ሰው ጥላ ወደ ሰሜን 1.2 ሜትር ያህል ይወድቃል። በሰኔ አጋማሽ ግን ፀሐይ በስተሰሜን ስለምታልፍ ጥላው 34 ሳንቲሜትር ያህል ሆኖ ወደ ደቡብ ይዞራል። በመስከረም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ 30 ዲግሪ ከፍ ስትል የዚያው ሰው ጥላ 2.9 ሜትር ይደርሳል።

የኛ ትዕይንት አመሻሽ ላይ ነው። ተመልካቹን ከላይኛው ገበሬ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙረን እናቁመው። ፀሐይ ከጀርባው ወደ ምዕራቡ ደጋ ስትጠልቅ ሜዳው አስቀድሞ ይጠላል፤ የዞብል አናት ግን ገና ብርሃን ይዟል። ዝናቡ የጣለው ደጋ ላይ በመሆኑ የሜዳው ሰማይ ጥርት ያለ ቢሆንም ስሕተት አይደለም፤ ጎርፉ ዝናብ ካልዘነበበት ቦታም ይደርሳልና።

ርቀትና ቀለም

የአየር ቅንጣቶች አጭር ሞገድ ያለውን ብርሃን አብልጠው ይበትናሉ። መጠኑ የሞገዱ ርዝመት አራተኛ ርቢ ግልባጭ ስለሆነ፣ 450 ናኖሜትር ያለው ሰማያዊ ብርሃን 650 ናኖሜትር ካለው ቀይ ከ4 ጊዜ በላይ ይበተናል። ስለዚህ በቀን የሩቁ ዞብል ወደ ሰማያዊ ያደላና የደበዘዘ፣ የቅርቡ ማሽላ ደግሞ የጠቆረና የጎላ ሆኖ ይሣላል። በምሽት ጮራው ረጅም የአየር ጉዞ አድርጎ ሰማያዊውን ስላጎደለ፣ የተራራው አናት ወደ ቀይ ያደላል።

የንግግር ሳጥንና የባለታሪኮች ፊት

የንግግሩ ሳጥን ከ540ኛው ፒክሰል በታች ያለውን ቦታ ይሸፍናል። ስለዚህ የጎርፍ መጥለፊያው፣ ውኃው የሚሄድበት ቦይና የደረቀው የታችኛው ማሳ ሁሉም ከዚያ በላይ መዋል አለባቸው። ቦዩ ከላይኛው ገበሬ እግር ተነሥቶ ወደ ታችኛው ገበሬ ቢያመራ የተመልካቹን ዓይን ይዞት ይሄዳል።

በዚህ ረገድ ከአባቶቻችን የምንማረው አለ። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በ44 ሥዕሎች ተከፋፍሎ በአንድ ሸራ ላይ ሲተረክ ኖሯል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ከፊት ለፊት፣ ክፉዎች አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ በጎን ይሣላሉ። ተመልካቹ ቃል ሳይነገረው ይለያቸዋል። በኛ ጨዋታ ግን ላይኛውም ታችኛውም ልጆች የሚያሳድጉ ገበሬዎች ናቸው። አንዱን በጎን፣ ሌላውን በፊት ብንሥል ተጫዋቹን ቀድመን ፈረድንለት ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም በሁለት ዓይናቸው ይመልከቱት።

በመጨረሻም

ሁለት አማራጭ ያላቸው 3 ምርጫዎች 8 መንገዶችን፣ 10 ምርጫዎች ደግሞ 1,024 መንገዶችን ይወልዳሉና በአንድ ምርጫ መጀመር ይበጃል። ሥዕሉ ሲያልቅ ቀለሙን ወደ ግራጫ ለውጡና ንግግሩን ሸፍኑ። ታሪኩን የማያውቅ ጓደኛችሁንም ማን እንደሚታይ፣ ሰዓቱ ስንት እንደሆነና ውኃ የጎደለው ማን እንደሆነ ጠይቁት። ሦስቱንም ከመለሰ ቅንብሩ ተሳክቷል። ካልመለሰ፣ ንግግር ከመጨመር በፊት ሥዕሉን እናርም።